በእግር ጣት ጫፍ መራመድና ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች እግር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጁ ከማሞቂያ ክፍል ወጥቶ፣ ክብደት ጨምሮ፣ መተንፈሱ ማሳሰቡን ካቆመ በኋላ የወላጅ ዓይን ወደ እግሩ ይዞራል። መቼ ይቆማል? ሲቆምስ ለምን በጣቶቹ ጫፍ ይሆናል? ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁትን እዚህ ሰብስበናል። ብዙዎቹ መልሶች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይመጣሉ፦ ተረከዙ መሬት መንካት ይችላል ወይስ አይችልም? ይህን ይዛችሁ አንብቡ።

ልጄ 14 ወር ሞልቶታል፤ ገና አልሄደም። ዘግይቷል?

መጀመሪያ ዕድሜውን በትክክል እናስላ። እርግዝና ሲሞላ 40 ሳምንት ነው። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ልጅ ያለጊዜው ተወለደ ይባላል። ልጃችሁ የተወለደው በ28 ሳምንት ከሆነ 12 ሳምንት፣ ማለትም ሦስት ወር ገደማ ቀድሞ መጥቷል። ስለዚህ ከልደቱ ሲቆጠር 14 ወር ቢሆንም እድገቱ የሚመዘነው እንደ 11 ወር ልጅ ነው። ሐኪሞች ይህን «የተስተካከለ ዕድሜ» ይሉታል። ክትባት ግን በዚህ ሂሳብ አይሄድም፤ እሱ የሚቆጠረው ከልደት ቀን ጀምሮ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ጤናማ ልጆችን ተከታትሎ ባወጣው መለኪያ መሠረት ልጆች ያለ ድጋፍ መራመድ የሚጀምሩት ከ8 ወር ትንሽ አለፍ ብሎ እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ክፍተቱ ሰፊ ነው። የ11 ወር ልጅ አለመሄዱ ምንም አይደለም። በተስተካከለ ዕድሜ 18 ወር ሞልቶት ብቻውን የማይራመድ ልጅ ግን መመርመር አለበት።

ይህን ማስተካከያ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሁለት ዓመት እንጠቀምበታለን። እስከዚያው «ስንት ወሩ ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ ሂሳቡን ማስረዳት አድካሚ ነው። ለሁሉም ማስረዳት ግዴታ የለባችሁም። ለሐኪሙ ግን የተወለደበትን ሳምንት ሁልጊዜ ንገሩት።

መንታ ናቸው። አንዷ ትሮጣለች፣ አንዷ ገና ግድግዳ ይዛ ነው። ችግር አለ?

ልዩነቱ ብቻውን ችግር አይደለም። በአንድ ቀን የተወለዱ ልጆች በአንድ ቀን አይራመዱም። ሁለቱንም ከተስተካከለ ዕድሜያቸው ጋር አመዛዝኑ እንጂ አንዷን ለሌላዋ መለኪያ አታድርጉ። የዘገየችው እግሯ ግትር ካለ ወይም አንዱን ጎኗን ብቻ የምትጠቀም ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ታሳይ።

ከሆስፒታል ስንወጣ እግሮቹ ልፍስፍስ ነበሩ። አሁን ደግሞ ግትር ይላሉ። ምን ሆኖ ነው?

በማህፀን ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ቦታው ይጠባል። ፅንሱ ጉልበቱን አጥፎ፣ ተጠቅልሎ ነው የሚያሳልፋቸው። በዚያው ጊዜ ጡንቻዎቹ ውጥረት እየያዙ ይመጣሉ፤ መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ እጅ። በ28 ሳምንት የተወለደ ሕፃን በጀርባው ሲተኛ እጅና እግሩ እንደተዘረጋ ይቀራል። 34 ሳምንት አካባቢ እግሮቹ ይታጠፋሉ። 40 ሳምንት ላይ ሁሉም ታጥፎ፣ ሰብሰብ ብሎ ይተኛል።

ቀድሞ የወጣ ሕፃን ይህን ጊዜ የሚያሳልፈው ፍራሽ ላይ ተዘርግቶ ነው። የመሬት ስበት ጭኖቹን ወደ ጎን ይጥላቸዋል። ነርሶች ጨርቅ ጠቅልለው ዙሪያውን የሚደግፉት፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርገው የሚያስተኙት ለዚህ ነው። እንዲህም ተደርጎ፣ መወለድ በነበረበት ቀን ላይ ሲታይ በጊዜው ከተወለደ ሕፃን ይልቅ ዘርጋ ያለ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት አንዳንዶቹ ላይ ተቃራኒው ይመጣል። ጀርባቸውን ወደ ኋላ ይለጥጣሉ። ስታቆሟቸው እግራቸው እንደ ዱላ ይገተራል፣ ጣቶቻቸው ወደ ታች ይቀሰራሉ። ሐኪሞች ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ያውቁታል፤ አላፊ ዲስቶኒያ ይሉታል። ስሙ እንደሚለው በብዙዎቹ ላይ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ እየላላ ይጠፋል።

አስቸጋሪው ነገር አላፊውን ከማያልፈው በአንድ ቀን ምርመራ መለየት አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «ትንሽ ጠብቀን እንይ» ቢል ቸልተኝነት ነው ብላችሁ አትውሰዱት። ቀጠሮ ሳይሰጥ «ይለቀዋል» ብሎ ከሸኛችሁ ግን ቀጠሮውን ራሳችሁ ጠይቁ። ዳይፐር ስትቀይሩ ጭኖቹ አልከፈት የሚሉ ከሆነ ይህንንም ንገሩት።

በጣት ጫፍ መራመድ በራሱ በሽታ ነው?

አይደለም። «ወፌ ቆመች» ከተባለ በኋላ ባሉት ወራት ብዙ ልጅ በጊዜውም ተወልዶ በጣቱ ጫፍ ይሄዳል። ሚዛን እየተማረ ነው፤ ይሞክራል፣ ይተዋል፣ ደግሞ ይሞክራል። እስከ ሁለት ዓመት፣ ተረከዙ ሲፈልግ የሚወርድና ሌላው እድገቱ ደህና የሆነ ልጅ ብዙ አያሳስብም። ከሁለት ዓመት በኋላ ከቀጠለ ቢያንስ አንድ ጊዜ በደንብ መመርመር አለበት።

ያለጊዜው ለተወለደ ልጅ ግን እስከ ሁለት ዓመት መጠበቅን አንመክርም። ተረከዙ ከመሬት መራቁን ባያችሁበት በሚቀጥለው ክትትል አንሱት። ልጁ የግድ ችግር አለበት ማለት አይደለም። ምክንያቱን ቀጥሎ እንመለከታለን።

ያለጊዜያቸው በተወለዱት ላይ ለምን የበለጠ ይታሰብበታል?

ከአንጎል ወደ እግር ትዕዛዝ የሚያወርዱት ነርቮች የሚያልፉት በአንጎል መሃል ካሉት ፈሳሽ የያዙ ክፍተቶች አጠገብ ነው። የእጅና የፊት ነርቮች ከእነሱ ራቅ ብለው ያልፋሉ። ከ24 እስከ 32 ሳምንት አካባቢ ደግሞ በእነዚህ ክፍተቶች ዙሪያ ያለው ነጭ የአንጎል ክፍል በጣም ስስ ነው። የደም ፍሰት ሲወርድ ወይም ኢንፌክሽን ሲመጣ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። ጉዳቱ ፔሪቬንትሪኩላር ሉኮማላሺያ ይባላል። የእግር ነርቮች ቅርብ ስለሆኑ ቀድመው ይነካሉ። ውጤቱም ከእጅ ይልቅ እግርን ግትር የሚያደርገው የሴሬብራል ፓልሲ (ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ዓይነት ነው፤ ስፓስቲክ ዳይፕሌጂያ ይሉታል። ባት ይወጠራል፣ ተረከዝ ወደ ላይ ይሳባል፣ ልጁም በጣቱ ጫፍ ይቆማል።

ይህን ትስስር ቀድሞ በጽሑፍ ያቀረበው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጆን ሊትል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1861፣ ለለንደን የማዋለድ ሐኪሞች ማኅበር። ሕመሙ ለረጅም ጊዜ በእሱ ስም ይጠራ ነበር። ሊትል ራሱም ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ እግሩ የተጣመመ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1836 ጀርመናዊው ሐኪም ስትሮማየር የተረከዙን ጅማት ቆርጦ አስተካክሎለታል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር እንደሚያሳየው ሴሬብራል ፓልሲ የተገኘው ከ28 ሳምንት በፊት ከተወለዱት 14.6 በመቶው ላይ፣ ከ28 እስከ 31 ሳምንት ከተወለዱት 6.2 በመቶው ላይ፣ ከ32 እስከ 36 ሳምንት ከተወለዱት 0.7 በመቶው ላይ ነው። በጊዜያቸው በተወለዱት ላይ 0.1 በመቶ አካባቢ ነው። ቁጥሩን ገልብጣችሁም አንብቡት፤ እጅግ ቀድመው ከተወለዱት መካከል እንኳ ከ100 ውስጥ 85ቱ ይህ ችግር የለባቸውም።

ሴሬብራል ፓልሲ የሌለባቸውም ቢሆኑ በጣት ጫፍ የሚሄዱበት ሌላ ምክንያት አለ። የአንዳንዶቹ ውስጥ እግር ንክኪ አይወድም፤ ቀዝቃዛ ወይም ሸካራ ወለል ሲነካቸው ተረከዛቸውን ያነሳሉ። የሌሎቹ የሆድና የጀርባ ጡንቻ ደካማ ስለሆነ ባታቸውን አጠንክረው ይቆማሉ። በኦቲዝም ውስጥ ያሉ ልጆችም ብዙ ጊዜ በጣት ጫፍ ይሄዳሉ። ኦቲዝም ደግሞ ያለጊዜያቸው በተወለዱት ላይ በመጠኑ በዛ ይላል።

የጭንቅላት አልትራሳውንዱ ንጹህ ነው ተብለናል። ታዲያ ምን ያሰጋል?

ንጹህ መሆኑ ትልቅ ማረጋገጫ ነው፤ ሙሉ ዋስትና ግን አይደለም። አልትራሳውንድ ደም መፍሰስንና ትልልቅ ቀዳዳዎችን በደንብ ያሳያል። ተበትኖ ያለ ትንሽ የነጭ ክፍል ጉዳት ግን ሊያመልጠው ይችላል፤ ኤምአርአይ ይሻላል። በሌላ በኩል «ደረጃ 1» ወይም «ደረጃ 2» ደም መፍሰስ የሚል ወረቀት ይዘው በስጋት የሚኖሩ ወላጆች አሉ። እነዚህ ቀላሎቹ ደረጃዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ልጆች በደንብ ይራመዳሉ። ወረቀቱን አትጣሉት። ዓይናችሁ ግን ልጁ ላይ ይሁን።

ቤት ውስጥ ምን ልመልከት?

ልጁ መታየቱን ሳያውቅ እዩት። «ተረከዝህን አውርድ» ብላችሁ ካያችሁት ለአፍታ አስተካክሎ ያሳያችኋል፤ ያ ትወና ነው።

ጠረጴዛ ይዞ ቆሞ ሲጫወት ተረከዙ ይወርዳል? ዕቃ ለማንሳት ቁጢጥ ሲል ሙሉ ውስጥ እግሩ መሬት ላይ ይቀመጣል? ሁለቱም አዎ ከሆኑ ባቱ አላጠረም ማለት ነው፤ በሩጫ ጊዜ ወይም ሲደሰት ብቻ የሚነሳ ተረከዝ ብዙ አያስጨንቅም። ቁጢጥ ሲል ወደ ኋላ የሚወድቅ ወይም በጣቱ ጫፍ ብቻ ቁጢጥ የሚል ከሆነ ግን ጡንቻው እያጠረ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱ እግሮች አንድ ዓይነት ናቸው? ጉልበቶቹ ሲሄድ ይፋተጋሉ ወይስ ነፃ ናቸው? የጫማው ሶል በየት በኩል አለቀ? ጣቶቹ አካባቢ ተበልቶ ተረከዙ አዲስ ከሆነ ልጁ ቀኑን ሙሉ በምን እንደሚሄድ ነግሯችኋል።

አንድ ምክር፦ በባዶ እግሩ፣ ቁምጣ አድርጎ ሲሄድ ከጎንና ከኋላ በስልካችሁ ቅረጹት። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ምርመራ ክፍል ውስጥ ብዙ ልጅ ወይ ያለቅሳል ወይ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቪዲዮው ከአስር ደቂቃ ማብራሪያ ይበልጣል።

ሳልውል ሳላድር ማሳየት ያለብኝ መቼ ነው?

በአንድ እግሩ ብቻ ከሆነ። በደንብ በተረከዙ ይሄድ የነበረ ልጅ በኋላ በጣቱ ጫፍ መሄድ ከጀመረ። ይችለው የነበረውን ነገር ካጣ። እግሮቹ እንደ መቀስ ከተጣመሩ። ገና ዓመት ሳይሞላው አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ፤ በዚያ ዕድሜ ቀኝ ወይም ግራ የሚባል ነገር ስለሌለ የሌላው ጎን ድክመት ሊሆን ይችላል። ከታች ጀርባው ላይ ጥልቅ ስርጉድ ወይም የፀጉር ክምር ካለ፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠሩ ከተበላሸ፤ የአከርካሪ ነርቭ ነገር ሊሆን ይችላል።

ወንዶች ልጆች ላይ አንድ ተጨማሪ አለ። ባቱ ወፍራምና ጠንካራ ሆኖ፣ ከወለል ሲነሳ እጁን ጭኑ ላይ እየተመረኮዘ የሚወጣ ከሆነ፣ ደረጃ የሚከብደው ከሆነ የጡንቻ በሽታ መፈተሽ አለበት። ዱሼን የሚባለው ይህን ይመስላል። ያለጊዜው መወለድ አያመጣውም፤ ነገር ግን «ያለጊዜው ስለተወለደ ነው» እየተባለ ሊዘገይ ይችላል። ሲኬ የሚባል የደም ምርመራ ነገሩን ቶሎ ያሳያል።

ሐኪሙ ወይም ፊዚዮቴራፒስቱ ምን ያያሉ?

ጉልበቱን ዘርግተው ውስጥ እግሩን ወደ ቅልጥሙ ያጥፉታል፤ ቀጥለው ጉልበቱን አጥፈው ይደግሙታል። ጉልበት ሲታጠፍ ቁርጭምጭሚቱ በደንብ ከታጠፈና ጉልበት ሲዘረጋ እምቢ ካለ ያጠረው የላይኛው የባት ጡንቻ ነው። በሁለቱም እምቢ ካለ ጅማቱም አጥሯል። በፍጥነት ሲያጥፉት የሚይዝ፣ በዝግታ ሲያጥፉት ግን የሚለቅ ከሆነ ነገሩ ከማጠር ይልቅ ከነርቭ የሚመጣ ውጥረት ነው። እግሩ በተደጋጋሚ ሲርገበገብ ክሎነስ ይሉታል። ጉልበቱን በመዶሻ መታ መታ ያደርጋሉ፣ ዳሌው ሲከፈት ያያሉ፣ ጀርባውን ያያሉ።

ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ቁርጭምጭሚቱን ሳይነካ «ምንም የለበትም» የሚል ምርመራ አልተጠናቀቀም።

ገና ላልሄዱ ሕፃናትም መንገድ አለ። ከሦስት እስከ አምስት ወር ባለው የተስተካከለ ዕድሜ የሕፃኑን ድንገተኛ እንቅስቃሴ በቪዲዮ የሚገመግም ምርመራ አለ። ሐመርስሚዝ የሚባለው የነርቭ ምርመራ ደግሞ ከሁለት ወር ጀምሮ ይሠራል። ከኤምአርአይ ጋር ሲደመሩ ሴሬብራል ፓልሲን ስድስት ወር ሳይሞላ መጠርጠር ይቻላል። «ሁለት ዓመት ሳይሞላ አይታወቅም» የሚለው አባባል አርጅቷል።

ሴሬብራል ፓልሲ ነው ከተባልን አይሄድም ማለት ነው?

በፍጹም። ሁለቱን እግር በዋናነት የሚይዘው ዓይነት ካለባቸው ልጆች አብዛኞቹ ይራመዳሉ፤ አንዳንዶቹ በድጋፍ፣ ብዙዎቹ ያለ ድጋፍ። የእንቅስቃሴ ችሎታ ከ1 እስከ 5 በደረጃ ይመደባል፤ 1 ማለት ሮጦ የሚጫወት ልጅ ነው። ጥሩ ፍንጭ የሚሰጠው መቀመጥ ነው፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ያለ ድጋፍ የተቀመጠ ልጅ የመራመድ ዕድሉ ሰፊ ነው። የአንጎሉ ጉዳት እየጨመረ አይሄድም። ጡንቻና መገጣጠሚያ ግን ካልተከታተሉት ይለወጣሉ። በተለይ ዳሌው ቀስ በቀስ ከቦታው ሊወጣ ስለሚችል በየጊዜው ራጅ ይነሳል። ልጁ ሳያመው ይህ ሊሆን እንደሚችል ብዙ ወላጅ አያውቅም።

ቤት ውስጥ ምን ላሠራው?

ገና በማይሄደው እንጀምር። ነቅቶ ሳለ በሆዱ አስተኙት፤ ለእንቅልፍ ግን ሁልጊዜ በጀርባው። በሆድ መተኛት አንገት፣ ጀርባና ዳሌ ያጠነክራል፤ በኋላ የሚያቆመው ይህ ነው። ስትይዙት ጉልበቱ አጠፍ፣ ጭኖቹ ከፈት ብለው ይሁን። የሚለጠጥ ልጅ በብብቱ ይዛችሁ ስታቆሙት ደስ የሚለው ይመስላል፤ እግሩን ይገትራል፣ ሰው ሁሉ «ጎበዝ፣ ቆመ!» ይላል። ግን እያጠናከራችሁ ያላችሁት መለጠጡን ነው። ቁጭ አድርጋችሁ፣ ወደ ፊት እጁን ዘርግቶ እንዲጫወት አድርጉ።

ለሚሄደው ደግሞ ጨዋታ ከልምምድ ይበልጣል። ቁጢጥ ብሎ ዕቃ የሚለቅምበት ጨዋታ። ጣቶቹን አንስቶ በተረከዙ ብቻ መሄድ። እንደ ድብ በእጅና በእግር መሄድ። ዳገት መውጣት። አሸዋና ሣር ላይ በባዶ እግር።

ባት ማሳሳብ ከፈለጋችሁ አሠራሩን ከፊዚዮቴራፒስት ተማሩ። ጉልበቱ ተዘርግቶ ተረከዙ መዳፋችሁ ውስጥ ይገባል፣ ክንዳችሁ ከውስጥ እግሩ ጋር ይገጥማል፤ ከዚያ ተረከዙን ወደ ታች ሳብ፣ እግሩን ወደ ቅልጥሙ ቀስ። 30 ሰከንድ ያህል ይዛችሁ ትለቃላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጣቶቹን ብቻ መግፋቱ ላይ ነው። ያኔ የሚታጠፈው መሃል እግሩ ነው፤ ባቱ እንዳጠረ ይቀራል። ከታጠበ በኋላ ገላው ሲፍታታ ይቀላል። ካመመው ተዉት።

እውነቱን ለመናገር ግን በቀን ጥቂት ደቂቃ ማሳሳብ ብቻውን ያጠረ ጡንቻ አያረዝምም። በተለይ ውጥረቱ ከነርቭ ከሆነ። ስለዚህ ዛሬ አላሳሳብኩትም ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ።

ሌላው፣ ቀኑን ሙሉ «ተረከዝ! ተረከዝ!» አትበሉት። ልጁ አውቆ አይደለም የሚያነሳው።

ዎከር ይረዳዋል?

አይረዳውም። ዎከር ውስጥ ያለ ልጅ ክብደቱን መቀመጫው ላይ ጥሎ በጣቶቹ ጫፍ ነው የሚገፋው፤ ልናስወግደው የምንፈልገውን ያለማምደዋል። መራመድንም አያፋጥንም። ከደረጃ በመውደቅ የሚደርሰው አደጋ ብዙ ስለሆነ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን ከልክላለች። ያለጊዜው ለተወለደ ልጅ ቤት ውስጥ ባይኖር ይመረጣል። ቆሞ ከኋላ የሚገፋው ጋሪ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ላይ ልጁ ራሱን ይሸከማል።

ልዩ ጫማ ልግዛለት?

ለአብዛኞቹ አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ባዶ እግር ይሻላል። ውጭ ደግሞ ተረከዙን የሚይዝ፣ ሶሉ የሚታጠፍ ተራ ጫማ። ቁርጭምጭሚት ድረስ የሚደርስ ጠንካራ ጫማ ተረከዙን ደብቆ ያስውበዋል እንጂ አያወርደውም፤ ልጁ ጫማው ውስጥ ሆኖም በጣቱ ጫፍ ይቆማል። በልኩ የሚሠራ የፕላስቲክ ድጋፍ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን የሚያዝዘው ባለሙያ ነው።

እግሯ ቀስት ይመስላል። አጥንቷ ደካማ ይሆን?

እስከ ሁለት ዓመት እግር ቀስት መምሰሉ የተለመደ ነው። ሦስትና አራት ዓመት ላይ ደግሞ ተገልብጦ ጉልበቶች ይጋጫሉ፤ ሰባት ዓመት አካባቢ ይስተካከላል። ጠፍጣፋ ውስጥ እግርም በዚህ ዕድሜ ያለ ነው።

ያለጊዜያቸው የተወለዱት ላይ ግን የአጥንት ጥያቄ መሠረት አለው። ፅንስ ካልሲየምና ፎስፈረስ በብዛት፣ 80 በመቶውን ያህል፣ ከእናቱ የሚወስደው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። ቀድሞ የወጣ ልጅ ይህ ያመልጠዋል። ቫይታሚን ዲ የሚሰጠውም ለዚህ ነው፤ ለሕፃናት የተለመደው በቀን 400 ዩኒት ነው፣ ለትንንሾቹ ሐኪሙ ሊጨምር ይችላል። አቋርጣችሁ ከሆነ ንገሩት። ቀስትነቱ በአንድ እግር ከባሰ፣ እየጨመረ ከሄደ ወይም የእጅ አንጓዋ ካበጠ ራጅና የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

ጀሶ፣ ቦቶክስ፣ ኦፕሬሽን ይባላል። የትኛው ለማን ነው?

ተረከዙ በእጅ ሲታጠፍ የሚወርድ ልጅ ከእነዚህ አንዱንም አይፈልግ ይሆናል። ባቱ ማጠር ሲጀምር የሌሊት ወይም የቀን ድጋፍ ይታዘዛል። ካልበቃ ጀሶ ይደረጋል፤ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ እየተቀየረ፣ በእያንዳንዱ ዙር ቁርጭምጭሚቱ ትንሽ ተጨማሪ እየታጠፈ። ልጆች በጀሶው ይሄዳሉ፤ ለወላጅ ነው የሚከብደው።

ቦቶክስ የሚባለው የቦቱሊነም መርፌ ከነርቭ የሚመጣን ውጥረት ለጥቂት ወራት ያላላል፤ በሴሬብራል ፓልሲ ይጠቅማል። ምክንያት ሳይኖረው በጣት ጫፍ ለሚሄድ ልጅ ግን በስዊድን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ጀሶ ላይ መርፌውን መጨመር የተሻለ ውጤት አላመጣም ብሏል። ይህን የምናነሳው መርፌ ቶሎ የሚሻ ወላጅ ስለሚበዛ ነው።

ጅማት ማርዘም የመጨረሻው ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ባለበት ልጅ ላይ ገና በትንሽነቱ ከተሠራ ሲያድግ መልሶ ያጥራል። ከልክ በላይ ከረዘመ ደግሞ ባቱ ይደክምና ልጁ ጉልበቱን አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ ይሄዳል። ይህ ከጣት ጫፍ መሄዱ ይብሳል፣ ለመመለስም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ አካሄዱን ሙሉ፣ ከዳሌ እስከ ጣት ያየ ሐኪም ይወስን። ያለጊዜያቸው ተወልደው ሁለቱም እግራቸው ለተወጠረ የተወሰኑ ልጆች ታች ጀርባ ላይ የነርቭ ክሮችን መርጦ የመቁረጥ ኦፕሬሽንም አለ። ለጥቂቶች በጣም ጥሩ ነው፤ ከኋላው ግን የወራት ፊዚዮቴራፒ አለ።

እያደገ ሲሄድ ይተወዋል?

ምክንያት ካልተገኘለት፣ አብዛኛውን ጊዜ አዎ። ስዊድን ውስጥ 1,436 ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት አምስት ዓመት ተኩል ላይ 4.9 በመቶዎቹ በአንድ ወቅት በጣት ጫፍ ሄደው ነበር። ከግማሽ በላዮቹ በዚያ ዕድሜ ትተውታል። ክትትሉ ሲቀጥል፣ በጣት ጫፍ ሄደው ከነበሩት 79 በመቶዎቹ አሥር ዓመት ላይ ያለ ምንም ሕክምና ትተውታል። የእድገት መዘግየት ወይም ተመሳሳይ ምርመራ ያላቸው ልጆች ላይ ግን በጣት ጫፍ መሄዱ 41 በመቶ ደርሷል። «ይተወዋል» የሚባለው ሌላው ነገር ከተጣራ በኋላ ነው።

ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ይራመዳል፣ ይሮጣል። ክትትሉ ይብቃ?

ሙሉ በሙሉ አይቁም። ልጅ ቁመት ሲጥል አጥንት ይቀድማል፣ ጡንቻ ይከተላል። ያኔ ደህና የነበረ ባት ድንገት ሊያጥር ይችላል። በተለይ በጉርምስና መግቢያ። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች ላይ ደግሞ በአንድ እግር መቆም፣ ገመድ መዝለል፣ ሳይክል መንዳት ሊከብዳቸው ይችላል፤ የሰውነት ቅንጅት ችግር በዝቶ ይታይባቸዋል። ስንፍና አይደለም፤ የስፖርት መምህሩም ይወቀው። በዓመት አንድ ጊዜ ጉልበቱ ተዘርግቶ ቁርጭምጭሚቱ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ አስለኩና ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፉት። የሚቀጥለው ዓመት ሐኪም ሌላ ሰው ቢሆንም ቁጥሩ ቀንሶ እንደሆነ ወዲያው ያያል።